የመኪና ግርግሩ ልብስ ሰፊ እግር፦ ጄሉ የሠራውና ያልሠራው

ሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የምትወርድ ጠባብ መንገድ አለች። መኪና ግርግር ትባላለች። መኪናው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩም የሱ ድምፅ። ግራና ቀኝ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች ጠዋት መርገጥ ሲጀምሩ መንገዷ በሙሉ ትጮሃለች። የዚህ ጉዳይ ባለቤት እዚያ ተቀምጠው ከ30 ዓመት በላይ የሰፉ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ክሊኒክ ሲመጡ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ እዚህም እንደዚያው እላለሁ። እኔ ቁስል የማጥብ ነርስ ነኝ። ጉዳያቸውን እንድጽፍ ስጠይቃቸው «ጻፊው ልጄ፣ ሌላ ሰው እግሩን ያይበት» ብለው ፈቅደውልኛል።

የመጡት በእህታቸው ልጅ ትከሻ ተደግፈው ነው። ልጁ ሱቃቸው ውስጥ ሙያ እየተማረ ነው። ቀኝ እግራቸው በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል። ስፈታው መጀመሪያ ያየሁት ቁስል ሳይሆን ዱቄት ነበር፤ ነጭና ቢጫ፣ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ። ለሁለት ወር ያህል የአሞክሳሲሊን ካፕሱል እየከፈቱ ዱቄቱን ሲነሰንሱበት ኖረዋል። ይህን እኛ አገር የማያውቅ ነርስ ያለ አይመስለኝም። ሰው የሚያስበው ቀጥተኛ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ተውጦ ዞሮ እግር ከሚደርስ እዚያው ቢቀመጥ ይሻላል ብሎ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። እንዲያውም የዘመኑ የቁስል ጄሎች የተሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው፣ መድኃኒቱን እቦታው ማስቀመጥ። ልዩነቱ ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት፣ ለስንት ሰዓት የሚለው ላይ ነው። ዱቄቱ በአንዴ ይሟሟል፣ አንድ ሰዓት ከመጠን በላይ ይሆናል፣ ከዚያ በእዡ ታጥቦ ይሄዳል። የቀረው ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፤ ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ ጀርሙ ተመችቶት ይኖራል።

ዱቄቱን በኖርማል ሳላይን አለስልሼ ሳነሳ ቁስሉ ከአውራ ጣታቸው ግርጌ፣ መሬት ስንረግጥ ክብደቱን በሚሸከመው እብጥ ያለ ቦታ ላይ ነበር። ርዝመቱ 3.1፣ ወርዱ 2.4 ሴንቲ ሜትር፣ ሲባዛ 7.4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ። ዙሪያውን ወፍራም መጅ ከቦታል። ወለሉ በቢጫ ሽፋን ተሸፍኗል፣ እዡም ብዙ ነው፤ ከላይ የነበረው ነጠላ አምስት ስድስት እጥፍ ሆኖ ሳለ ዘልቆ ወጥቷል። ሕመሙስ ስላቸው «ምንም አያመኝም» አሉኝ። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው። ይህን የሚያህል ቁስል ይዞ ያላመመው ሰው ነርቩ ሞቷል ማለት ነው።

በ10 ግራም ናይለን ክር እግራቸውን ነካካሁ፤ ቀኙ ከቁርጭምጭሚት በታች ምንም አይሰማም፣ ግራውም ከሞላ ጎደል። የእግር ትርታቸው ግን በሁለቱም በኩል ጥሩ ይመታ ነበር። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ደም የማይደርስበት እግር ላይ ማንኛውም ጄል ከንቱ ነው። ሐኪሙ በብረት መፈተሻ ቁስሉን ሲነካ አጥንት አላገኘም፣ ራጁም ንጹሕ ነበር። አጥንት ቢመረዝ ግን መጀመሪያ ላይ ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና እንዲነሱ ቀጠርናቸው። ዙሪያው አልቀላም፣ አላበጠም፣ ትኩሳት የለም። የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ግን 11 በመቶ ወጣ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን እየወሰዱ ነው፤ ሐኪሙ ኢንሱሊን ጨመረላቸው። ስኳር ያለበት ሆጃና ሻሂ በቀን ስንቴ እንደሚጠጡ ስንጠይቃቸው ደንበኛ በመጣ ቁጥር ነው አሉ። ደንበኛቸው ብዙ ነው።

መጅውንና የሞተውን ሥጋ ጠረግን። ከዚያ ሁላችንም የምናውቀውን ጀመርን፦ በየቀኑ እጥበት፣ ቤታዲን፣ ጎዝ፣ ፋሻ። ሁለት ሳምንት ሄድንበት። ጎዙ ጠዋት ሲደረግ ማታ ይረጥባል፣ ሌሊት ጫፉ ይደርቃል፣ በማግስቱ ሲላቀቅ አዲስ የበቀለውን ቀይ ሥጋ ይዞ ይመጣል። ቤታዲኑም ያው እንደ ካፕሱሉ ዱቄት ነው፤ ሲቀባ ኃይለኛ ነው፣ ከእዡ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ግን ቶሎ ይዳከማል። በዚያ ላይ በየቀኑ ክሊኒክ መምጣት አለባቸው፤ በድንጋይ የተነጠፈውን ቁልቁለትና ዳገት በታመመ እግር እየረገጡ። ልናድነው የምንፈልገውን እግር በየቀኑ እያስረገጥነው ነበር።

በዚህ መሃል ነው ቶሮንቶ ያለው ልጃቸው የደወለው። እዚያ ነርስ የሆነች ጓደኛ ጠይቆ አዮዶሶርብ የሚባል ጄል ላከ። ውስጡ ያለው ካዴክሶመር አዮዲን ነው። ስለ እሱ ረዘም አድርጌ ልጽፍ፣ ምክንያቱም አሠራሩ ሲገባን ነው አጠቃቀሙም የገባን።

ካዴክሶመር ከስታርች የተሠራ ነው። የስታርቹ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ታስረው ጥቃቅን ዶቃ መሰል ፍሬዎች ይሆናሉ። ፍሬዎቹ ውስጣቸው ወንፊት ነው፤ ወንፊቱ ውስጥ 0.9 በመቶ አዮዲን ተይዟል። ደረቅ ሲሆኑ ቀዳዳዎቹ ጠባብ ናቸው፣ አዮዲኑም አይወጣም። እዥ ሲያገኙ ግን ይጠጡና ያብጣሉ፤ አንድ ግራም እስከ 6 ሚሊ ሊትር ድረስ መያዝ ይችላል። ሲያብጡ ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ፣ አዮዲኑ ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ፍጥነት የሚወስነው ቁስሉ ራሱ ነው። ብዙ እዥ ካለ ብዙ ይለቃል፣ እዡ ሲቀንስ መልቀቁም ይቀንሳል። ቢጫውን ሽፋንም አብሮ እየመጠጠ ያነሳል። ሌላው የምወደው ነገር ቀለሙ ነው። ሲቀባ ቡናማ ነው፤ አዮዲኑ ሲያልቅ ነጣ ወይም ገረጣ ይላል። መቼ እንደሚቀየር ቁስሉ ራሱ ይነግርሃል፣ ሰዓት አያስፈልግም። ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስቴ ይበቃል።

ይህን ለጋሼ እንዴት እንደማስረዳ ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ። ጄሉ ሲያብጥ አይተው «ይሄማ ሁልበት ነው» አሉ። ትክክል ናቸው! ሐረር፣ ሁልበት የሚባለው የአብሽ ምግብ የሚሠራበት ቤት ያደገ ሰው ጄል ምን እንደሆነ ያውቃል። አብሽ ውኃ ውስጥ ሲያድር ውኃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ ያዝ ያደርገዋል፤ ብታዘነብለውም ውኃው ተለይቶ አይፈስም። ተልባም እንዲሁ ነው። ረጃጅም ሰንሰለቶች ውኃን አቅፈው ሲይዙ ጄል ይባላል። ከቼኮስሎቫኪያ ዊክተርልና ሊም የሚባሉ ኬሚስቶች እንዲህ ያለውን ውኃ አቃፊ ፕላስቲክ ለሰው አካል ይሆናል ብለው በ1960 ጻፉ፤ ዛሬ ዓይን ላይ የሚደረገው ለስላሳ ሌንስ የመጣው ከዚያ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1962፣ ጆርጅ ዊንተር እንግሊዝ አገር በአሳማ ቆዳ ላይ ሞክሮ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል አየር ላይ ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳየ። እኛ ግን ዛሬም «ቁስሉ ይንፈስበት፣ ይድረቅ» የሚል ሰው በየቀኑ እንሰማለን። ጋሼም የመጀመሪያ ቀን ያሉኝ ይህንኑ ነው።

ከመቀባታችን በፊት ሁለት ነገር አጣራን። አዮዲኑ በከፊል ወደ ደም ይገባል። እንቅርት ወይም ሌላ የታይሮይድ ችግር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ለአዮዲን አለርጂ ያለበት አይቀባውም። የሚወገደውም በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ጋሼ አንገታቸው ንጹሕ ነው፣ የኩላሊት ምርመራቸውም ደህና ነው። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ቀባን፣ ከላይ ጎዝ፣ ከዚያ ፋሻ። አንዳንድ ሰው መጀመሪያ ላይ ያቃጥለዋል። እሳቸው እሱም አልተሰማቸው።

ሦስት ሳምንት በጄሉ ሄድን። ወለሉ በጣም ተለወጠ። ቢጫው ሽፋን ተነሳ፣ ሽታው ጠፋ፣ እዡ ቀነሰ፣ ሥሩ ቀይ ሆነ። ሁለተኛው ራጅም ንጹሕ መጣ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ ለሥራ ባልደረቦቼ እያሳየሁ ነበር። ከዚያ ለካሁት። 3.0 በ2.3። 6.9 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ንጹሕ ሆኗል እንጂ አልጠበበም። መጅውም ተመልሶ በቅሏል።

መጅ የግፊት ምልክት ነው። አንድ ነገር እዚያ ቦታ ላይ እየጫነ ነው ማለት ነው። በየቀጠሮው «ይረግጣሉ ወይ?» ስላቸው «ኧረ አልረግጥም፣ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው» ይሉኛል። አልዋሹም፣ ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የት ቁጭ እንደሚሉ አልጠየቅኩም።

የነገረኝ ልጁ ነው። አንድ ቀን ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ «አቦ ሲስተር፣ ቁስሉ እኮ ፔዳሉ ላይ ነው» አለኝ። ምን ማለትህ ነው ስለው ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ መሬት ላይ አሳየኝ። የመኪናውን መርገጫ ወደፊት ሲገፉ ክብደቱ የሚያርፈው ከአውራ ጣት ግርጌ ነው። ያው ቁስሉ ያለበት ቦታ! በማግስቱ ከሥራ ስወጣ መኪና ግርግር ሄድኩ። ጋሼ ሱሪ እያሳጠሩ ነበር። ቆሜ ቆጠርኩ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ መርገጫው ከ60 ጊዜ በላይ ወጣ ወረደ፤ ቀኝ እግራቸው ከነፋሻው እላዩ ላይ ነው። ያ ሁሉ ጄል፣ ያ ሁሉ የቶሮንቶ ፖስታ፣ በየደቂቃው 60 ጊዜ እየተረገጠ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጄሉ ያለኝን አቋም ግልጽ ላድርግ። ዓለም አቀፉ የስኳር እግር ባለሙያዎች ቡድን በ2023 ባወጣው መመሪያ ፀረ ጀርም ያለባቸውን የቁስል መሸፈኛዎች ቁስሉን ለመዝጋት ብላችሁ አትጠቀሙ ይላል፤ ይዘጋል ለማለት በቂ ማስረጃ ስለሌለ። ለእግር ሥር ቁስል የመጀመሪያ ምርጫ የሚለው እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ታማሚው ራሱ የማያወልቀው፣ እንደ ጀሶ ያለ ግፊት ማውረጃ ነው። እኔም አሁን በዚህ እስማማለሁ። ጄሉ ለጋሼ የሠራው ሁለት ነገር ነው፤ ወለሉን አጸዳ፣ የእጥበቱን ብዛት ከሰባት ወደ ሦስት አወረደ። ያ በየሳምንቱ አራት ዳገትና አራት ቁልቁለት ቀነሰላቸው። ትንሽ ነገር አይደለም። ቁስሉን መዝጋት ግን የሌላ ነገር ሥራ ነበር።

ጀሶ እንድናስርላቸው ጠየቅናቸው። እምቢ አሉ። ጁገል ውስጥ በጀሶ መሄድ ለ60 ዓመት ሰው መውደቅ ማለት ነው ብለው፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በሌላ መንገድ ሄድን። ሶሉ ከፊት የተቆረጠ፣ ክብደቱን ወደ ተረከዝ የሚመልስ ጫማ ጫማ ሰፊ ጋ አሠራን፤ ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ፣ ቁስሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀዳዳ። መኪናውን ደግሞ ልጁ እንዲረግጥ ተስማማን፤ እሳቸው ይቆርጣሉ፣ ቁልፍና ክፈፍ በእጅ ይሠራሉ፣ ይለካሉ። ጋሼ «በግራዬ ልርገጥ» ብለው ጠይቀው ነበር። ግራውም ስሜት የለውም፣ እዚያም ሌላ ቁስል መክፈት ነው አልኳቸው። ከገቢያቸው የሚቀንስ ነገር ነው የጠየቅናቸው፣ ልጁ ገና ለማጅ ነው፣ ሥራው ይዘገያል። ለሦስት ቀን አኮረፉኝ። ከዚያ ተስማሙ።

አንዱን ግን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ቁስላቸውን እያጠብኩ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ሱጁድ ስወርድስ?» አሉኝ። በስግደት ጣቶች ታጥፈው መሬት ይነካሉ፣ ጫናው ያው እዚያው ነው። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሸኻቸውን ጠየቁ፤ ለታመመ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድ፣ ከስግደት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ ለውዱም፣ በፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ እንደሚበቃ ነገሯቸው። ቀድሞ ፋሻውን እያረጠቡት ይመጡ የነበረውም በዚህ ቀረ።

ልጃቸው በዚህ መሃል እንደገና ደወለ። አሜሪካ በ1997 የተፈቀደ፣ የእድገት ፕሮቲን ያለበት ጄል አለ፣ ልላክ ወይ አለኝ። ቤካፕለርሚን ማለቱ ነው። በየቀኑ የሚቀባ ነው፣ በፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በሚሄድበት ቤት፣ ከቶሮንቶ ሐረር በሻንጣ ተጉዞ። ለዚያ የምታወጣውን ብር ለጫማውና ለልጁ ደመወዝ አድርገው አልኩት። አደረገውም፣ እግዜር ይስጠው።

ፔዳሉ ከቆመ ከአራት ሳምንት በኋላ ስለካው 2.0 በ1.5 ሆነ። 3.0 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ከ6.9 ተነስቶ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ይህ ቁጥር ለእኛ ትርጉም አለው፤ በአራት ሳምንት ውስጥ በግማሽ የጠበበ የስኳር እግር ቁስል በ12 ሳምንት የመዘጋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ቀጥሎ ያጠፋሁት ጥፋት አለ። ውጤቱ አምሮኝ ጄሉን መቀባት ቀጠልኩ። እዡ ግን በጣም ቀንሶ ነበር። ፍሬዎቹ የሚጠጡት ሲያጡ አላበጡም፣ ቡናማ ቀለማቸውም አልነጣም፤ ደርቀው ቁስሉ ላይ ተጣበቁ። ሳነሳቸው አዲሱ ሥጋ ነጠብጣብ እያለ ደማ። ቀለሙ ሦስት ቀን ሙሉ ቡናማ ሆኖ መቆየቱ «እዥ የለም፣ እኔ አላስፈልግም» እያለኝ ነበር፣ እኔ ግን «መድኃኒቱ ገና አለ» ብዬ ነው ያነበብኩት። በሳላይን አርሼ አወጣሁትና በቫዝሊን ጎዝ ቀየርኩ፤ ርካሽ ነው፣ ከተማችን ውስጥ ይገኛል፣ አይጣበቅም። ከዚያ በኋላ ጄል አልነካሁም።

ከመጀመሪያው ቀን በ16ኛው ሳምንት ተዘጋ። የስኳሩም ምርመራ ወደ 8.2 ወርዷል። ቆዳው ገና ስስ ነው፣ ሮዝ ነው። እንዲህ ከተዘጉት ውስጥ 40 በመቶ ገደማው በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሰው እንደሚከፈቱ ነግሬያቸዋለሁ። ስለዚህ ቀዳዳ ያለው ጫማ አልተወለቀም፣ ልጁም አሁንም ይረግጣል። ማታ ማታ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበትን መስታወት ወለል ላይ አድርገው የእግራቸውን ሥር ያያሉ።

ባለፈው ሲመጡ ግማሽ ያህል ጄል የቀረበትን ቱቦ ከኪሳቸው አወጡ። «ጎረቤቴ እግሯ ቆስሏል፣ እኔን እንዳዳነኝ ብላ ለመነችኝ፣ ልስጣት?» አሉኝ። አንገቷ ላይ እብጠት አለባት ወይ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንቅርት አለባት» አሉ። ቱቦውን ተቀብያቸው ሴትዮዋን ይዘዋት እንዲመጡ ነገርኳቸው። ሰኞ ይዘዋት መጡ። ቁስሏ ከጣቷ ጫፍ ላይ ነው፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ አንድ ጠብታ እዥ የለውም። ጣቴን እግሯ ላይ አሳርፌ ትርታዋን ረጅም ጊዜ ፈለግኩት። አላገኘሁትም። ጋሼ በር ላይ ቆመው እያዩኝ ነበር። የደም ሥር ሐኪም እንዲያያት ሪፈር በዚያው ቀን ተጻፈላት፣ ባጃጁንም የጠሩት እሳቸው ናቸው።